ዋሽቶ ያከሳን ሚዛን

የጤና ጣቢያውን ሚዛን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጠብቄያለሁ። ከዚያ ውስጥ ሰባቱን ወር ሚዛኑ ዋሽቷል፤ ውሸቱን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ በኋላ እንዳይገረምብኝ ነው። መገረም የሚገባን እኛ ነበርን፤ በጊዜው በደንብ ተገርመናል።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቤ ወደ መሰናዶ ሳያሳልፈኝ ሲቀር፣ ቤት ቁጭ ብዬ የተበላሸ ነገር መፍታትና መግጠም ለመድኩ። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ የልብስ ስፌት መኪና፣ በኋላ የሱቅ ሚዛን። አስተማሪ አልነበረኝም። የፈታሁትን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሬ፣ አጠገቡ በእርሳስ ቁጥር እጽፍ ነበር። ሐረር፣ ከኤረር በር ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ በኮንትራት ስቀጠር ግን ይህን ሙያዬን ለማንም አልነገርኩም። ካርድ አወጣለሁ፣ ካርድ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ።

ነገሬን የደረሰችበት ሲስተር ናት። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን የምትከታተል ነርስ ነበረች፤ ክብደት መቀነስ ያለባቸውን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በቡድን ትሰበስባቸዋለች። አንድ ቀን ካርድ ልትወስድ ስትመጣ የካርድ ክፍሉን የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ አገኘችኝ። ሰዓቱን አየች፣ ጋዜጣው ላይ የተደረደሩትን ብሎኖች አየች፣ ከዚያ ና ተከተለኝ አለችኝና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወሰደችኝ። እዚያ የቆመው ሚዛን ቁመቱ እኔን ያክላል። አግድም ዘንጉ ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት ብረቶች ሊኖሩት ይገባ ነበር፤ ትልቁ አሥር አሥር ኪሎ የሚቆጥር፣ ትንሹ ከአሥር በታች ያለውን። ትልቁ ጠፍቷል። ያለ እሱ ሚዛኑ ከአሥር ኪሎ በላይ የሆነ ሰው መመዘን አይችልም፤ የሲስተር ሰዎች ደግሞ ከዚያ ብዙ ያልፋሉ።

ብረቱን በበያጅ አስቆረጥኩ፤ አውቄ ከሚፈለገው ትንሽ አከበድኩት፣ እየሞረድኩ ላቀልለው። መለኪያ ያስፈልገኝ ነበርና ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ አመጣሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለቱ አርባ፤ ባዶ ጀሪካኖቹ አንዳንድ ኪሎ። ትልቁን ብረት አርባ ላይ፣ ትንሹን ሁለት ላይ አድርጌ፣ ዘንጉ መሀል ላይ ቀጥ እስኪል ሞረድኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲስተር ደስ አላትና ሐሙስ ሐሙስ ከካርድ ክፍል አስፈቅዳ ሚዛኑን አስያዘችኝ። ከጥቅምት ጀምሮ መዛኝ ሆንኩ።

የቡድኑ ሰዎች አሥራ አንድ ነበሩ። ከሁሉም የምናገረው ስለ ሁለቱ ነው። አንዱ በጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪና ያላቸው ጋሼ ናቸው፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ካልሆነ በቀር። ሁለተኛዋ የሠርግ ወጥ ሠሪዋ እትዬ ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከወታደር ጋር ሐረር ገብተው የቀሩ፣ እሳቸውም በሦስት ቋንቋ የሚሳደቡ፣ ከተማው ውስጥ ትልቅ ድግስ ካለ መጀመሪያ የሚጠሩ ሴት ነበሩ።

እትዬን ያመጣቸው እብጠት ነው። ከእምብርታቸው በላይ የሆዳቸው ግድግዳ ላልቶ፣ ከባድ ነገር ሲያነሱ እንቁላል የሚያክል ነገር ይወጣል፣ ሲጋደሙ ይመለሳል። አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስም ካለ ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ሆስፒታል ነግረዋቸዋል። ይህን የሚሠራው ቀዶ ሐኪም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ በግንቦትና በኅዳር። በኅዳር ባያቸው ጊዜ ከዘጠና ኪሎ በታች ሆነው ካልመጡ አልሠራም፣ ስፌቱ ይተረተራል አላቸው። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አንድ መቶ ሰባት ተጽፏል። እኔ ስመዝናቸው ዘጠና ስምንት ወጡ።

«ከዚያ እስከዚህ ስመጣ ዘጠኝ ኪሎ መንገድ ላይ ጥያለሁ» አሉ ለጋሼ።

እኔ አልሳቅሁም። የራሴን ሚዛን እንዴት እንዳስተካከልኩት አውቃለሁ፤ የሆስፒታሉን ማን እንዳስተካከለው አላውቅም። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «የሆስፒታሉ ሚዛን ቢታይ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ገጽ እስካሁን አልቀደድኩትም።

የሐሙስ ስብሰባ በመጀመሪያ ትምህርት ነበር። ሲስተር ትቆማለች፣ ቅቤ ይቀንሱ፣ ጮማ ይተዉ፣ በእግር ይሂዱ ትላለች፤ እነሱም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ይሄዳሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ናቸው። ኋላ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። አዲሱ ዘዴ ማነቃቂያ ምክር ይባላል። ሰውን የሚለውጠው ሌላው የሚነግረው ምክንያት ሳይሆን ከራሱ አፍ ሲወጣ የሚሰማው ምክንያት ነው የሚል ነው። የሥልጠናውን ጽሑፍ አዋሰችኝ፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አራት ጊዜ አነበብኩት።

በመጀመሪያው ሐሙስ አግዳሚ ወንበሮቹን ክብ አስደርጋ፣ ራሷም መሀላቸው ተቀምጣ፣ ይህ ሳምንት እንዴት ነበር ብላ ጠየቀች። እትዬ ሰዎቹን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ሲስተር፣ ዛሬ ምን አጠፋን?» አሉ።

እስኪለምዱት ወር ፈጀ። የመጣነው ልንነገር እንጂ ልንጠየቅ ነው ወይ የሚል ቅሬታ ካርድ ክፍል ድረስ ደርሶኛል። ሁለቱ ሲስተርን ምን ብናስቀይማት ነው መቆጣት የተወችው ብለው ጠይቀውኛል።

ከዘዴው ውስጥ የወደድኩት የዜሮ እስከ አሥሩን ጥያቄ ነው። ክብደት መቀነስ ለእርስዎ ምን ያህል ያስፈልግዎታል፣ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ይንገሩኝ ትላለች። ሰውየው ስድስት ካለ፣ ለምን ሦስት አላሉም ብላ ትጠይቃለች። ያኔ ሰውየው ስድስት ያለበትን ምክንያት ይዘረዝራል፤ ራሱን በራሱ ያሳምናል። ጽሑፉ ላይ እንዲህ ነው። ጋሼ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በገበያ የኖሩ ሰው ናቸው። ስድስት አሉ። ለምን ሦስት አላሉም ስትላቸው ሜትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው፣

«ለአንቺ ስል አምስት ይሁን። ከዚያ አልወርድም» አሏት።

ሲስተር ራሷ እስክትስቅ ድረስ አሥሩም ሰው ሳቀ። ቀስ በቀስ ግን ሠራ። እትዬ እኔ እህል የሚባል አልቀምስም ይሉ የነበሩት፣ በአንድ የሠርግ ቀን ምን ምን እንደሚያደርጉ ተጠይቀው ሲያወሩ መሀል ላይ ቆሙ። ወጥ ሲሠሩ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ከድስት ድስት ሲዞሩ፣ ጨው ሲያዩ፣ ቁሌት ሲያዩ፣ በዚያ ላይ ወጡ እንጀራ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጉርሻ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ ጣት አለቀባቸው። ማንም ሳይነግራቸው ከእንግዲህ በአንድ ድስት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምቀምሰው፣ በማንኪያ ጫፍ አሉ። ሲስተር እንዴት አሰቡት ብላ ብቻ ጠየቀች። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ጻፍኩ።

ዝም ያላልኩበት አንድ ቀን አለ። ጋሼ በቀን ሰባት ስኒ ሻሂ፣ በየስኒው አራት ማንኪያ ስኳር እንደሚጠጡ ሲናገሩ በልቤ አባዛሁት። ሲመዘኑ፣ በሳምንት አንድ ኪሎ ስኳር እየበሉ መሆኑን ነገርኳቸው። ትክክል ነበር፤ በማንኪያ አምስት ግራም ይዤ ነው ያሰላሁት። ጋሼ ሁለት ሐሙስ ቀሩ። በሦስተኛው መጥተው ጫማቸውን እያወለቁ፣ ሳያዩኝ፣

«ወላሂ ልክ ነህ። ግን ልክ መሆንህን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

ሲስተርም ያንኑ ነው የነገረችኝ፣ ለስለስ አድርጋ። ምክር ያለህ እንደሆነ መጀመሪያ አስፈቅድ አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እትዬ ተማምነው ነበር። ሁለት ወር ያለ ቅቤ፣ ያለ ሥጋ፤ በዘጠኝ ሰዓት አንዴ መብላት። ጾሙ አጋማሽ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምረው ተገኙ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ድንቹ፣ ዳቦው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ዘይቱ አንድ ላይ እንደሚገባ ራሳቸው ተናገሩ፣ አዝነው። ጋሼ አጽናኗቸው፤ እኛም በረመዳን ያው ነን፣ ቀኑን ለአላህ ማታውን ለሳምቡሳ ነው አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ጠዋት ጠዋት የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል ይዞሩት ጀመር።

በሚያዝያ ሲስተር የወሊድ ፈቃድ ወጣች። ተተኪ አልመጣም። ቡድኑ እንዳይበተን ሐሙስን አንተ ያዝ፣ ጠይቅ እንጂ አትስበክ ብላኝ ሄደች። እኔ ለአሥራ አንድ ሰው ይቅርና ለአንድ ሰው ማውራት የሚከብደኝ ነበርኩ፤ ጥያቄዎቹን ካርቶን ላይ ጽፌ እያየሁ እጠይቅ ነበር። የሚገርመው እንዲያ ሲሆን እነሱ ይበልጥ ያወሩ ጀመር።

ግንቦት ገባ። እትዬ ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል ወጡ። ሁለት ጊዜ መዘንኳቸው። በወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የጤና ጣቢያውን ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋቸው። ጋሼ ሊስሟቸው ምንም አልቀራቸውም። በበነጋው ሆስፒታል ሄዱ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉም ተሰብስቦ ሳለ ገቡ፤ ነጠላቸውን አላወለቁም፣ ጫማቸውንም አላወለቁም። የእኔን ወረቀትና የሆስፒታሉን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የሆስፒታሉ ዘጠና ሰባት ተኩል ይላል።

«የእኔ ልጅ፣ ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አሉ።

ሐኪሙ እንኳን ሳያያቸው ነው የመለሷቸው። የግንቦቱ ስም ዝርዝር ተዘግቷል፤ እንግዲህ ኅዳር።

የሆስፒታሉ ሚዛን ይሆናል ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የመጀመሪያው ቀን ትዝ አለኝ፤ መቶ ሰባትና ዘጠና ስምንት። ያኔ የነበረው ልዩነት ዘጠኝ ነው፣ አሁን ስምንት። ያኔ ትልቁ ብረት የቆመው ዘጠና ላይ ነበር፣ አሁን ሰማንያ ላይ። ለእያንዳንዱ አሥር አንድ ኪሎ። ሆስፒታሉ ምንም አላደረገም። ብረቱ ነው፤ የእኔ ብረት። ይህንን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ሌላ ምን እንደምል አላወቅሁም።

ጋሼ ተነስተው ሚዛኑን ዞሩት። በምን ለካኸው አሉኝ። በሁለት ሃያ ሊትር ውሃ አልኳቸው።

«የፋብሪካው ሃያ ነው የሐረር ሃያ?»

በዚያን ጊዜ ሐረር ውስጥ ቧንቧ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ሳይመጣ ይቆያል። ውሃ በአህያ ነው የሚመጣው፤ ባለአህያው ጀሪካኑን እስከ አንገቱ፣ ክዳኑ ሲዞር ጠብ እስኪል ካልሞላው የሚቀበለው የለም። ሁላችንም ያንን ሃያ እንለዋለን። ተወልጄ ያደግሁት ሃያ እየተባለ ከሚጠራው ከዚያ ጀሪካን እየጠጣሁ ነው፤ ሃያ መሆኑን ልጠራጠር እንዴት ይመጣልኛል።

አንድ ሙሉ ጀሪካን ከበሩ ከባለአህያ አመጣን። አንዷ ሴት ከቦርሳዋ ባለ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አወጣች። እኔ እቀዳለሁ፣ ጋሼ በርሜል ውስጥ ይገለብጣሉ፣ ሰው ሁሉ ይቆጥራል። ሃያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ከዚያ ጀሪካኑ አለቀ። አርባ ብዬ የለካሁበት ውሃ አርባ አራት ነበር።

ብረቱን ፈትቼ ቤቴ ወሰድኩ፣ በትክክለኛ ሊትር እየለካሁ እስከ ማክሰኞ ሞረድኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉም እንደገና ተመዘነ። ሰው ሁሉ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ጨመረ። እንቢ አልመዘንም የሚል ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ዕጣ መጓጓት ጀመሩ፣ ማን ይበልጣል እየተባለ። ጋሼ ስምንት ኪሎ ሲጨምሩ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ስምንት ኪሎ ሳልበላ ገባልኝ አሉ።

እትዬ ብቻ አልተመዘኑም። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው ነበር። የመጡት ሊሰናበቱ መሆኑን ተናገሩ። ያ ሁሉ ግንብ መዞር፣ ያ ሁሉ ቅምሻ መተው ውሸት ሆኖ ቀረ፤ እብጠቱም ያድርገኝ ያለውን ያድርገኝ አሉ። ማንም አልሳቀም።

ልነግራቸው የምችለው ብዙ ነበር፤ በራሴ ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቃል። የጋሼ ስኳር ትዝ አለኝና ዋጥ አደረግሁት። ካርቶኔን አየሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ይፈቅዱልኛል?»

«አሳይ። ከዚህ ወዲያ ምን ታሳየኛለህ።»

የመጀመሪያውንና የግንቦቱን የሆስፒታል ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሰጠኋቸው። በእነዚህ ላይ የእኔ እጅ የለበትም፣ እርስዎ ራስዎ ይቀንሱት አልኩ። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዘጠኝ ተኩል።»

በእኔ ሚዛን ስምንት ተኩል ነበር የቀነሱት አልኳቸው።

ወረቀቶቹን እንደገና አዩ። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አፈጠጡብኝ።

«እንግዲያ አንድ ኪሎ ሰርቀኸኛል» አሉ።

ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። የእትዬን ቀሚስ ከገና ወዲህ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ጣት እንዳጠበቡት፣ የእሳቸው ሜትር ደግሞ ከውሃ ጋር ጉዳይ እንደሌለው ተናገሩ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁና ጥያቄውን ጠየቅሁ። ለኅዳር እንደሚደርሱ ምን ያህል ይተማመናሉ፣ ከዜሮ እስከ አሥር።

«ሦስት።»

«ለምን አንድ አላሉም?»

አልመለሱም። ከዚህ በፊት ዝምታ ሲመጣ ካርቶኔ ላይ ወዳለው ቀጣይ ጥያቄ እሄድ ነበር፤ ያን ቀን ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት እችልበታለሁ። እትዬ የነጠላቸውን ጥለት እየዳበሱ ቆዩ።

«ደርሻለሁ እያልኩ ነው የሄድኩት። አልደረስኩም ነበር። ግን እግሬ የሄደውን ሄዷል፣ እሱን ማን ይመልሰዋል» አሉ። ከዚያ እስከ ኅዳር ስንት ሐሙስ እንዳለ ጠየቁኝ። ሃያ አራት አልኩ፣ ቆጥሬ።

ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። ወረቀቱ ላይ የፈረምከው አንተ ነህና ሐኪሙ ሳይሄድ ራስህ ቀርበህ ንገረው፣ ዋሽታ መጣች ብሎ ስሜን እንዳይፍቀው አሉኝ። ሌላ ሰው ቢያዘኝ ሰበብ አላጣም ነበር። በበነጋው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ቆምኩ። ሐኪሙ ሲወጣ ስለ ጀሪካኑም፣ ስለ ብረቱም፣ ስለ ፊርማዬም ሳልተነፍስ ነገርኩት። ስንት ግራም ሞረድክ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በኅዳሩ ወረቀት ላይ የእትዬን ስም መጀመሪያው ተራ ላይ ጻፈው፤ ከጎኑ ግን ዘጠና ብሎ ጽፎ ከበበው።

ክረምቱን በሙሉ ጃንጥላ ይዘው ግንቡን ዞሩ። በነሐሴ ሦስት ሳምንት አንድም ግራም አልወረደም፤ ሲስተር በዚያው ወር ተመልሳ ነበርና ያንን ጊዜ አብራቸው እየዞረች አሳለፈችው፣ ልጇን አዝላ። በኅዳር የመጀመሪያ ሐሙስ የእኛ ሚዛን ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አለ። እትዬ ግን ከሆስፒታሉ ሳልሰማ አላምንም አሉ። የሆስፒታሉም ያንኑ አለ። ማክሰኞ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፤ ከገቡ እስኪወጡ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ።

ለሦስት ወር ከባድ እንዳያነሱ ታዝዘዋል። በጥር አንድ ሠርግ ላይ አገኘኋቸው፤ የእኔ ኮንትራት ያኔ አልቆ ነበርና ለድምፅ ማጉያ ጥገና ነው የተጠራሁት። በጓሮ ትልቁን ድስት ከጉልቻ ላይ ሊያወርዱ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለዋል፣ እትዬ ከፊታቸው ቆመው ያዝዛሉ። ድስቱ ከፍ ሲል እትዬ ሳያስቡት መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ ጫን አደረጉ፣ ትንፋሻቸውንም ያዙ። ከእጃቸው ሥር የሚገፋ ነገር አልነበረም። እጃቸውን አንስተው፣ ቀስ፣ በግራ በኩል፣ ዝቅ አድርጉት እያሉ ማዘዛቸውን ቀጠሉ።